ከሞዴል 19 እስከ ዳታቤዝ፦ የቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ትምህርት ሲዳሰስ

«ሲስተም የለም» ያልተባለ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። ቃሉ ከባንክ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከክፍያ መስኮት፣ ከትኬት መቁረጫ ሁሉ ይሰማል። ሰው ወረፋውን ጠብቆ፣ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይነገረዋል፤ ወይ ደብተሩን አጥፎ ይመለሳል፣ ወይ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ በርቷል። መብራት አልጠፋም። ሠራተኛዋም ወንበሯ ላይ ናት። የጠፋው «ሲስተም» የተባለው ነገር ብቻ ነው።

ያ የጠፋው ነገር ምንድን ነው? የኔትወርክ መስመር ነው? ሶፍትዌር ነው? ወይስ ሥራው ራሱ ያለ ሶፍትዌሩ እንዳይሠራ ሆኖ መደራጀቱ? ይህን ጥያቄ ይዞ ዓመታት የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለ። እኛ አገር ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽንና ኢንፎርሜሽን ሲስተም እየተባለ ይጠራል። ስሙ እንደሚለያየው መኖሪያውም ይለያያል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከኮምፒውተር ሳይንስ ጎን በኢንፎርማቲክስ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ውስጥ ከአካውንቲንግና ከማኔጅመንት ጋር ያጎራብተዋል።

ይህን ትምህርት ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከውስጥ ሆኜ ነው፣ አቋምም አለኝ። ትምህርቱ ግማሽ ኮምፒውተር፣ ግማሽ ንግድ ተደርጎ ሲያዝ ፍሬ አልባ ይሆናል። የራሱ ጉዳይ የሚገኘው ሥራና መዝገብ በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። እኛ ሁለቱን ወገን እያስተማርን መገጣጠሚያውን ዘለነዋል።

የትምህርቱ ሥር ያለው ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው። ጄ ላየንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ብዙ ሻይ ቤቶች ነበሩት፤ ኬክና ዳቦም ጋግሮ ያከፋፍል ነበር። ከአንድ ኬክ የሚገኘው ትርፍ ሳንቲም ነው። ሳንቲሟ የት እንደገባች ለማወቅ ሲባል የሚቀጠረው ጸሐፊ ደመወዝ ግን ትርፉን መልሶ ሊበላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1947 ሁለት የኩባንያው ሰዎች የቢሮ አሠራር ለማየት አሜሪካ ሄዱና ስለ አዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያዎች ሰምተው ተመለሱ። ላየንስም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጀመሩትን ሥራ በገንዘብ ደግፎ፣ ከዚያም የራሱን ኮምፒውተር ሠርቶ ሊዮ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1951 ሊዮ የመጋገሪያዎቹን ምርት ዋጋ በየሳምንቱ ማስላት ጀመረ። አንድ ኮምፒውተር የንግድ ድርጅትን የዘወትር ሥራ ሲሸከም ይህ የመጀመሪያው ነው።

እኔን ከማሽኑ ይበልጥ የሚደንቀኝ ከማሽኑ በፊት የነበረው ነው። ላየንስ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይኖር ለዓመታት የቢሮ አሠራርን ብቻ የሚያጠና ክፍል ነበረው፤ የትኛው ቅጽ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚገለበጥ የሚመረምር። ዴቪድ ካሚነር የመራቸው የሊዮ ሰዎች ፕሮግራም ከመጻፋቸው በፊት ሥራ አስኪያጁን «ይህን ቁጥር አግኝተህ ምን ትወስንበታለህ?» ብለው መጠየቅ የቻሉት ከዚህ ልማድ በመነሳታቸው ነው። ዛሬ ሲስተም አናሊስት የምንለው ሙያ በዚያ ጊዜ ተወለደ። ከእነዚሁ የሊዮ ሰዎች አንዱ ፍራንክ ላንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሄዶ ሙያውን ማስተማር ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ዴቪስ በ1960ዎቹ መጨረሻ የማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ዲግሪ አቋቋመ። በ1974 ያሳተመው መማሪያ መጽሐፍ የመስኩን መልክ አወጣለት፤ የመስኩ ዋና የምርምር መጽሔትም በ1977 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ወጣ።

ስዊድናዊው ቦርየ ላንገፎርስ የተወው ነገር ለእኛ የበለጠ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ላንገፎርስ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ዳታ ብቻውን መረጃ እንደማይሆን በቀመር አሳየ። አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገርና ለመረዳት ያለው ጊዜ ሲጨመሩበት ነው መረጃ የሚሆነው። ሐሳቡን ክፍል ውስጥ ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ሰሌዳ ላይ 03/04/2016 ብዬ እጽፋለሁ። ከእኛ መካከል አንዱ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ብሎ ያነባል። በውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌር ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ብሎ፣ ያውም ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ያነበዋል። ዳታው አንድ ነው፤ አንባቢው ሌላ ነው። ብድር የሚከፈልበት ቀን ቢሆን ኖሮ ወለዱ ምን ይሆን ነበር? ተማሪዎቹ ያን ጊዜ ቀና ይላሉ።

ጀርመኖች መስኩን በሌላ መንገድ አሳደጉት። ቪርትሻፍትስኢንፎርማቲክ ይሉታል፤ መሐንዲሳዊ ነው፤ ሠርቶ ማሳየት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 አምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች ኤስኤፒን የመሠረቱባት አገር ናትና አይገርምም። የሳርላንድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አውጉስት ቪልሄልም ሼር የድርጅት ሥራ እንዴት በሥዕል እንደሚገለጽ ያጠናውን ወደ ኩባንያ ለወጠው። የአሜሪካው ወገን በአመዛኙ የሰዎችን ጠባይ ያጠናል፤ ሠራተኛው አዲሱን ሲስተም ይቀበለዋል ወይ፣ ለምን ይቀበለዋል ወይም ይሸሸዋል እያለ። የፍሬድ ዴቪስ የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል በ1989፣ የዴሎንና የማክሊን የስኬት ሞዴል በ1992 የወጡት ከዚህ ወገን ነው።

እኛ የወረስነው ሁለተኛውን ነው፤ በዚህ አዝናለሁ። ያነበብኳቸው የማስተርስ ጥናቶች አብዛኞቹ መጠይቅ በትነው፣ ከ1 እስከ 5 አስመርጠው፣ «ቀላልነት» እና «ጠቃሚነት» በሞባይል ባንኪንግ አጠቃቀም ላይ ተጽዕኖ አላቸው ብለው ይደመድማሉ። ይህን ከሠላሳ ዓመት በላይ እናውቀዋለን። ጥናቱን የሠራችው ተማሪ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ቁጭ ብላ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ለምን ከስልኩ መልእክት ይልቅ በደብተር የጻፈውን እንደሚያምን ትነግረን ነበር።

መስኩ ራሱንም ሲጠራጠር ኖሯል። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒውተር በየቦታው እየታየ በምርታማነት አኀዝ ላይ ግን አይታይም ብሎ ጽፏል፤ ኒኮላስ ካር ደግሞ በ2003 ቴክኖሎጂው እንደ መብራት ለሁሉም ስለተዳረሰ የማንም ብልጫ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች በ2000 እና በ2001 ሲፈርሱ አሜሪካ ውስጥ ተማሪው ከመስኩ ሸሸ። ዓለም አቀፉ የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ በ2010 እትሙ ፕሮግራሚንግን ከግዴታ ትምህርቶች አወጣው፤ በ2020 እትሙ ደግሞ መለሰው። በእኔ ግምት መመለሱ ትክክል ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ ያልገነባ ሰው፣ ገንቢው «አይቻልም» ሲለው እውነት ይሁን ስንፍና መለየት አይችልም።

ወደ እኛ ስንመጣ ሁለት ምንጭ እናገኛለን። አንደኛው ከቤተ መጻሕፍት በኩል የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት፣ በአጭሩ ሲሳ፣ በዩኔስኮና በካናዳው አይዲአርሲ ድጋፍ ተከፈተ። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ እየተቀበለ በማስተርስ ደረጃ ያስተምር ነበር፤ ዛሬ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የምንለው ትምህርት ቤት የእርሱ ወራሽ ነው። ሁለተኛው ከጽሕፈት መኪና በኩል የመጣው ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በዓ.ም. የተመሠረተው ኮሜርስ ለረጅም ዘመን የሒሳብ አያያዝና የጽሕፈት ሥራ ሲያስተምር ኖሮ፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆኖ የቢዝነስ አስተዳደርንና የኢንፎርሜሽን ሲስተምን አጣምሮ ያስተምራል። ይህን ሁለተኛውን ዘር ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ክብር የጎደለው ስለሚመስል ይሆናል። እኔ ግን እኮራበታለሁ። ደብዳቤ ገቢና ወጪ ተመዝግቦ፣ ፋይል ተከፍቶ፣ መዝገብ ቤት በቁጥር ሲገኝ የኖረበት ሥርዓት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው፤ ኮምፒውተር ስላልነበረው ብቻ ስሙ አይነፈገውም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ሲከፈትና 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲባል ሁለት እግሩን በሁለት ጎራ ላይ ያኖረው ይህ መስክ ግራ ተጋባ። ኮምፒውተር ላብ ያለው ወደ ቴክኖሎጂ ሳበው፤ ላብ የሌለው ወደ ቢዝነስ ገፋው።

ተማሪው የሚማራቸው ኮርሶች ዝርዝር ሲታይ ጥሩ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ የሲስተም ትንተናና ንድፍ፣ የአካውንቲንግ መሠረት፣ ስታቲስቲክስ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት አሉት። ችግሩ የሚታየው በመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪ ይቧደናል፤ የአንድ ድርጅት ስም ተጽፎ ከፊቱ «ዌብ ቤዝድ» ከኋላው «ማኔጅመንት ሲስተም» ይደረጋል፤ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ይሠራል፤ ዲፌንስ ቀን ሱፍ ይለበሳል። የሰነዱ ሁለተኛ ምዕራፍ ነባሩን አሠራር ይገልጻል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ምዕራፍ የትምህርቱ ልብ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ገጽ ተኩል ነው፤ «ነባሩ አሠራር በወረቀት የሚሠራ፣ ጊዜ የሚፈጅ፣ ለስህተት የተጋለጠ ነው» ይላል፤ ቃሉ ከላይኛዎቹ ባች ሰነድ የተቀዳ ነው። ሆቴል ይሁን ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን የገበሬዎች ማኅበር፣ ችግሩ አንድ ዓይነት ይሆናል። ያልታየ ሥራ ሁሉ አንድ ይመስላል።

እኔም አማካሪ ሆኜ እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ፈርሜ አሳልፌያለሁ። ይቆጨኛል። ስለዚህ አንድ ዓመት አራት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተር ሳንከፍት ለሦስት ቀን እንድንቀመጥ ፈቃድ ጠየቅን። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ሥራ ላይ የቆዩ ሴት ናቸው፤ ተማሪዎቹ ወዲያው እትዬ ይሏቸው ጀመር። ጠረጴዛቸው ላይ የሞዴል 19፣ የሞዴል 20 እና የሞዴል 22 ጥራዞች በላስቲክ ታስረው ተደርድረዋል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ክፍሎች በሞዴል 20 ይጠይቃሉ፤ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ መደርደሪያው ላይ ባለው ቢን ካርድ ቀሪው ይጻፋል። ከጎናቸው ኮምፒውተር አለ፤ የንብረት ሶፍትዌርም ተጭኖበታል። ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ባለ ሰማያዊ ሽፋን የተማሪ ደብተር አለ።

ደብተሩ ለምን እንዳለ ጠየቅናቸው። ገልጠው አሳዩን። ጳጉሜን 3 ቀን 40 ካርቶን ጓንት ገብቷል፤ ሞዴል 19 ተቆርጦለታል። ሶፍትዌሩ ላይ ሲሄዱ ግን የወር ዝርዝሩ 12 ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የለችም። እሳቸው መስከረም 1 ብለው አስገቡት። በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል 6 ካርቶን ወሰደ። ይህን ያስገባው ሌላ ክፍል ያለው የመረጃ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ለቀኑ የሚቀርበው ነሐሴ 30 ነው ብሎ መዘገበው። ለማሽኑ ጓንቱ ከመግባቱ በፊት ወጣ። ቀሪው ከዜሮ በታች 6 ሆነ። ሪፖርቱን ያየው ግዢ ክፍል ዕቃው አልቋል ብሎ ሊያዝዝ ሲል እትዬ በስልክ አስቆሙት። ደብተሩ እውነተኛው ቀን የሚጻፍበት ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ጎበዝ ፕሮግራመር ነው፤ «ይሄማ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው» አለ። እትዬ ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ለከርሞው ትጨምረዋለህ፤ የአምናውንና የካቻምናውን ጳጉሜንስ ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እሳቸው ያነሱት በሙያው ቋንቋ የነባር ዳታ ፍልሰት የሚባለው፣ ብዙ ውድ ፕሮጀክት የሚወድቅበት ጉዳይ ነው። ሌላም አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጳጉሜን በበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ወር ላይ የምትቀጸል እንጂ የመዝጊያ ቀን አይደለችም፤ በአራት ዓመት አንዴም፣ እንደ 2015፣ ስድስት ቀን ትሆናለች። በግብር በኩል ደግሞ ከነሐሴ ጋር ተደርባ ሪፖርት ትደረጋለች። ይህን ሁሉ የያዘ መማሪያ መጽሐፍ የለንም። ከውጭ የመጣው መጽሐፍ ስለ ሱፐርማርኬት ሰንሰለትና ስለ አየር መንገድ ቲኬት ያወራል፤ ተማሪው እነሱን ሸምድዶ ይፈተናል፤ አጠገቡ ያለችውን ጳጉሜን አያያትም።

ስምም እንደዚሁ ነው። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። አንዱ የአባቱን ስም እዚያ ቦታ ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። በዚህ ላይ ፊደሉ አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለዳታቤዝ ሦስት ሰው ናቸው። ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፉማ ልዩነቱ ይበዛል። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር በአንዱ የተጻፈው ስም በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከዚያ ዘመን የቀሩ ፋይሎች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ሰውን በስሙ ሳይሆን በቁጥር ስለሚለይ የችግሩን አንድ ወገን ያቃልላል። አሮጌዎቹን መዝገቦች ከአዲሱ ቁጥር ጋር ማጋባቱ ግን በሰው የሚሠራ፣ ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። ይህ ሥራ የእኛ ተመራቂዎች ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ይልቅ የእነሱ፣ ከአካውንታንት ይልቅ የእነሱ።

በመጋቢት 2016 የሆነውን ሳያነሱ ስለዚህ ትምህርት መጻፍ አይቻልም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ላይ ባደረገው የውስጥ ማሻሻያ ምክንያት ደንበኞች በአንድ ሌሊት ሒሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ አገልግሎቱንም ለሰዓታት አቋረጠ። ወሬው ቶሎ የተዛመተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩም ያልመለሱ ሰዎችን ስም ይፋ አደረገ።

ለዚህ ትምህርት ከዚህ የቀረበ የመማሪያ ጉዳይ አይገኝም፤ የተማሪው የራሱ ስልክ ውስጥ የተፈጸመ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሳነሳው ቴክኒኩ ላይ አልቆይም። ማሻሻያውን ማን አጸደቀው? በሙከራ ሲስተም ላይ ምን ያህል ቀን ተፈተሸ? ለምን በዚያ ሰዓት ተለቀቀ? መጀመሪያ ያየው ሰው ማን ነው፣ «ዝጉት» የማለት ሥልጣንስ ነበረው? ከሁሉ ክርክር የሚያስነሳው ስም ይፋ ማውጣቱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው በዚያው ዓመት ነውና፣ ተማሪው ሕጉን እንደሚታለፍ ምዕራፍ ሳይሆን በራሱ ጓደኛ ስም ላይ ያነበዋል።

ከዚህ ጋር አጣምሬ የማስተምረው የእንግሊዝን ፖስታ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ ተተከለ። ሲስተሙ ስህተት ነበረበት፤ በሌለ ጉድለት የቅርንጫፍ ኃላፊዎችን ባለዕዳ አደረገ። ፍርድ ቤቶች ኮምፒውተሩን አመኑ። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ የሞቱም አሉ። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ የማይታመን እንደነበር የወሰነው በ2019 ነው፤ ፍርዶቹን በጅምላ የሰረዘው ሕግ የወጣው በ2024 ነው። ይህን ሳስተምር ፊቴ ላይ የሚመጡብኝ የእኛ ገንዘብ ያዦች ናቸው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ከተገኘ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። «ሲስተሙ እንዲህ ይላል» ሲባሉ የሚከራከሩበት ወረቀት እጃቸው ላይ አለ ወይ? አንድ ሲስተም ሲነደፍ ተከሳሹ ራሱን የሚከላከልበት መዝገብ አብሮ መነደፍ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ ባይመረቅ ይሻላል።

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በጥቅሉ ፈተናውን አልጠላውም፤ ሳይማር የሚመረቅ እንዳይኖር አድርጓል። ግን የምርጫ ጥያቄ ነው። የዳታቤዝ ዓይነቶችን ስም መጠየቅ ይችላል፤ ሞዴል 22 ለምን ከአንድ በላይ ቅጂ እንደሚያስፈልገው መጠየቅ አይችልም። መምህራንም እየተገደድን የመጨረሻውን ሴሚስተር ለጥያቄ መለማመጃ አውለነዋል፤ ከዚያ የተቀነሰው ጊዜ ከመስክ የተቀነሰ ነው።

ሥራ ፍለጋው ሌላ ቅሬታ አለው። ማስታወቂያው «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ» ይላል፤ የእኛ ተመራቂ «ተዛማጅ» በሚለው ቃል ውስጥ ይኖራል። የሰው ኃይል ክፍሉ ዲግሪውን አይቶ አካውንታንት ይሁን ቴክኒሻን መለየት ያቅተዋል። ብዙዎቹ ባንክ ቤት ኮር ባንኪንግ ድጋፍ ላይ፣ ገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ኢንሹራንስ፣ አንዳንዶቹም መረጃ መመዝገብ ላይ ይቀመጣሉ። ቢዝነስ አናሊስት የሚል መደብ የከፈቱ ባንኮች ስላሉ በሩ እየተከፈተ ነው ማለት ይቻላል። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነጋዴው፣ ማኅበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በሞባይል የተከፈለውን ከደብተሩ ጋር ማስታረቅ አለበት፤ ይህን ማስታረቅ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይፈለጋል፣ በስሙ ግን አይጠራም።

ኮድ መጻፍ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየቀለለ ነው። ተማሪዎቼ ለፒኤችፒው ፎርም ሳምንት ይፈጅባቸው የነበረውን አሁን በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። ይህ አያስፈራኝም። ማሽኑ ያልተነገረውን አያውቅምና፣ ጳጉሜን 3 ቀን የገባውን ጓንት ሄዶ የሚያይ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ በቆየንበት በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ የዕቃውን ጉዞ በትልቅ ወረቀት ላይ ሥለው ለእትዬ አሳዩአቸው። ሥዕሉ ንጹሕ ነበር፤ ሞዴል 20 ከክፍሉ ይነሳል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ወደ ግምጃ ቤት ይመጣል፣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ ቢን ካርዱ ይስተካከላል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀስቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ።

«ልጆቼ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምታምጥ ሴት ስትመጣ የሚያጸድቀው ማን ነው?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። እስክሪብቶውን ከአንዷ ተማሪ እጅ ተቀብለው ከማዋለጃ ክፍሉ ተነሥቶ የማጽደቂያውን ሳጥን አልፎ በቀጥታ ግምጃ ቤት የሚገባ አንድ መስመር ሳሉ፤ ከመስመሩ ጎን «ሌሊት - በፊርማ - ወረቀቱ ጠዋት» ብለው ጻፉ። ልጅቷ መስመሩን አየችው፤ ከዚያም ጠዋት የሚመጣውን ወረቀት ማን እንደሚያመጣው፣ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነስ እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቀቻቸው። እትዬ ሰማያዊውን ደብተር ከጀርባው ገለጡላት።